የማክሉርስ መጽሔት ድፍረት

ሳሙኤል ማክሉር በ1893 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ መጽሔቱን ሲጀምር ዋጋውን 15 ሳንቲም አደረገው፤ ስመ ጥሮቹ መጽሔቶች 25 እና 35 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። አንባቢ ያጎረፈለት ግን ርካሽነቱ ብቻ አይደለም።

በመጽሔቱ ላይ ከወጣው ከሁሉ የማደንቀው የጸሐፊዋን የአይዳ ታርቤልን ሥራ ነው። ከ1902 መገባደጃ ጀምሮ የባለሀብቱን የሮክፌለርን የነዳጅ ኩባንያ፣ ስታንዳርድ ኦይልን፣ ስትመረምር ስድብ አልጻፈችም፤ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የምስክር ቃልና የጭነት ዋጋ ገልጣ አሳየች። ለምሳሌ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ትንሽ ነዳጅ አጣሪ ለባቡር ኩባንያ በበርሜል 35 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ 25ቱ ለተፎካካሪው ለስታንዳርድ ይሰጣል! ሰውየው በገዛ ገንዘቡ ባላንጣውን ያደልብ ነበር። ይህን ያነበበ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ማክሉር ለጸሐፊዎቹ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ደመወዝ እየከፈለ ምርመራው እስኪበስል ይታገሣል። ይህ ዛሬም ብርቅ ነው። በጥር 1903 እትም ሊንከን ስቴፈንስ የሚኒያፖሊስን ጉቦኛ ሹማምንት አጋለጠ። ሬይ ቤከር ደግሞ አድማ አንመታም ያሉ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የደረሰባቸውን ጻፈ፤ መጽሔቱ ባለሀብቱን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበሩንም ጠየቀ ማለት ነው።

የታርቤል ምርመራ ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ በ1911፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስታንዳርድ ኦይል እንዲበታተን ወሰነ።