የተቃጠለ ቤትና አዲስ ፎቅ፤ ስለ ቅርስ አጠባበቅ የቀረበ ሂስ

በእሳት የተጐዳ ጥንታዊ ቤት ሲያጋጥም ሁለት ሐሳብ ይቀርባል፤ አንደኛው አፍርሶ ቦታውን ማጽዳት፣ ሁለተኛው የተረፈውን ከአዲስ መኖሪያ ፎቅ ጋራ አያይዞ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው መሻሉ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ «ቤቱ ተጠብቋል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ስለሚታለፍ፣ የተጠበቀው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የሚገኘውን የጄምስ ኩፐርን ቤት እንመልከት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራው ይህ ቤት እሳት የጐዳው ባይሆንም፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ፈቀቅ ከተደረገ በኋላ ከረዥም መኖሪያ ፎቅ ጋራ ተያይዟል። ፊቱን ብቻ አስቀርቶ ሆዱን ከሚያወጣው ልማድ ይህ አሠራር እጅግ ይሻላል፤ የመሐንዲሶቹም ብልኀት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር በ7ኛው አንቀጹ፣ ቅርስ ከታሪኩና ከቆመበት ሥፍራ የማይለይ መሆኑን ይናገራል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የቶሮንቶው ቤት አካሉን አትርፎ ሥፍራውን አጥቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ይከብዳል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች መልክ ያለው በእንጨቱ ሥራ ነው፤ ይኸውም በሰገነቱ፣ በበረንዳው፣ በደረጃውና በጣራው ክፈፍ ነው። እሳትም አስቀድሞ የሚበላው ይህንኑ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተነሣው ቃጠሎ የጃዛምባን አዳራሽ ማውደሙ ይታወሳል። እንግዲህ እሳት ካለፈ በኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የድንጋይ ግድግዳ ነው። አዲሱ ፎቅ ያንን ግድግዳ ብቻ ለጌጥ ካቆመ፣ እሳቱ የጀመረውን ሥራ ፈጸመ ማለት ነው።

በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ከቃጠሎው ባላነሰ ለእሳት ማጥፊያ በሚረጨው ውኃ ይጐዳል። በአጠገቡ ለፎቁ መሠረት ጥልቅ ጉድጓድ ቢቈፈር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፎቁ በራሱ ምሰሶ ይቁም፤ ከአሮጌው ቤትም ራቅ ይበል። የተቃጠለው እንጨት በእንጨት ይተካ፤ ሆኖም የቻርተሩ 12ኛ አንቀጽ እንደሚያዝዘው አዲሱ ከቀድሞው ጋራ ይስማማ እንጂ ቀድሞው ነው ተብሎ አያሳስት።

ከሁሉ በላይ ግን የቤቱ አገልግሎት ይታሰብበት። እንዲህ ያለው ቤት ከግቢው፣ ከበሩና ከእንግዳ መቀበያው ጋራ አንድ ነው። በረንዳው ተዘግቶ የፎቁ ነዋሪዎች ብቻ የሚያልፉበት መግቢያ ከሆነ፣ የሠፈሩ ሰው የሚያውቀው ቤት አይደለም። ከጥገናው በፊትም ማን በየት ይገባ፣ የት ይቀመጥ እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ተጠይቆ ይጻፍ፤ ይህ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የእኛም ሥራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አያሌ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከዚህ በኋላ አንድ ቤት በእሳት ተጐድቶ ከአዲስ ፎቅ ጋራ ይያያዝ ቢባል፣ ሐሳቡን በጭፍን መቃወም አይገባም። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የግድግዳውን ቁመት ከመለካቱ በፊት፣ የቀድሞው በር ለማን እንደሚከፈት ይጠይቅ።