ክፉ ቀን በሦስት ትውልድ አንደበት

ኪነ ጥበባችን ስለ ችግር ብዙ ተናግሯል። ድርቅ፣ ረኀብ፣ ስደትና የኑሮ ውድነት በልብ ወለዱም፣ በመድረኩም፣ በዜማውም ሰፊ ቦታ ይዘው ቆይተዋል። ሆኖም አንድ ጥያቄ በሚገባ ሳይነሣ አልፏል። ይኸውም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አያት፣ አባትና ልጅ አንዱን ችግር በአንድ ዓይን ያዩታል ወይ? የሚለው ነው። በመድረካችን ላይ የተለመደው መልስ ይታወቃል። ሽማግሌው ጠቢብ፣ ጎልማሳው ግራ የተጋባ፣ ወጣቱ ዋልጌ ሆነው ይቀርባሉ፤ በመጨረሻም ወጣቱ በሽማግሌው ምክር ይታረምና መጋረጃው ይዘጋል። እንዲህ ያለው ድርሰት ተግሣጽ ሊባል ይችላል፤ የሕይወት ሥዕል ሊባል ግን ያዳግታል።

ጥያቄውን በተጨባጭ ለመመርመር ወደ ሊማሊሞ አካባቢ እንሻገር። ደባርቅ የምትገኘው የስሜን ደጋ ወደ ቆላው በገደል በሚቆረጥበት አፋፍ አጠገብ ነው። ፋሽስት ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየጠረበ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ጎንደርን ከሽሬና ከአክሱም ያገናኛል። ገበሬው ገብስና ስንዴ ያመርታል፤ በግና ከብት ያረባል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ለገበሬው ልጆች በአስጎብኚነት፣ በስካውትነት፣ በምግብ አብሳይነትና በበቅሎ ጫኝነት ሌላ የእንጀራ በር ከፈተ።

ይህ በር በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የሽሬን መንገድ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን እንደገና አራቀ። በእነዚህ ዓመታት የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ችግሩ አንድ ሰሞን የመጣ፣ በአንድ ቤት የገባ ችግር ነው። የቤቱ ሰዎች ግን የሚለኩት በየራሳቸው ቁና ነው።

የአረጋዊው ቁና ጎተራ ነው። ከአያቶቹ አፍ የሰማው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ እርሻው ጦም ያደረበት ዘመን ነው። በራሱ ዕድሜ ደግሞ 1977ን አይቷል። ስለዚህ በጎተራው ጥቂት ገብስ እስካለ ድረስ «ችግር መጣ» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ልጁ ስለ ዶላር ሲያማርር ቢሰማ፣ «እናንተ ምን አያችሁና!» ብሎ ማለፉ ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ የእርሱ መለኪያ ሞት ስለ ሆነ ነው።

ጎልማሳው በ1977 ሕፃን ነበር። ስኳርና ሳሙና በራሽን የሚታደልበትን ዘመን ያስታውሳል። በ1985 ዓ.ም. መባቻ አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ ገና ጎጆ ለመውጣት የሚያስብ ጎረምሳ ነበር። የእርሱ ቁና ዕዳ ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት ወጪ፣ የወላጅ መጦሪያ። ወደ ላይም ወደ ታችም ባለዕዳ በመሆኑ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ዝምተኛው እርሱ ነው። ደራሲያን እምብዛም የማይጽፉለትም ምናልባት ስለዚሁ ዝምታው ይሆናል።

የወጣቱ ቁና ጊዜ ነው። ቋንቋ ተምሮ አስጎብኚ የሆነው፣ ወይም በዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቀው ልጅ በረኀብ አይሞት ይሆናል። ነገር ግን ሃያ አምስተኛው ዓመት ሠላሳኛውን ሲተካ ጎጆ አልወጣም፤ አላገባም። ወደ ሁመራና መተማ የሰሊጥ እርሻ ለቀን ሥራ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ድንበር መሻገርም ያስባል።

እዚህ ላይ ቃላቱን ራሳቸውን ልብ ማለት ይገባናል። አባቶቻችን መከራቸውን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። ቀን ደግሞ ይነጋል፤ ይመሻል። መነሻና መድረሻ ያለው መከራ ስለ ነበር ስም ወጣለት፤ የዘመን መቁጠሪያም ሆነ። የዛሬው ወጣት የሚጠቀምበት «የኑሮ ውድነት» የሚለው ቃል ግን መነሻ ቀን የለውም፤ የማብቂያ ቀንም አይሰማበትም። ሽማግሌው «ቀን ያልፋል» ብሎ ሲያጽናና ከልቡ ነው፤ ለወጣቱ ግን የሚያልፈው ዕድሜው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አለመግባባት እንግዲህ ከትዕግሥትና ከትዕግሥት ማጣት በፊት፣ ከሁለት የጊዜ ስሜቶች የሚመነጭ ነው። ተውኔት ጸሐፊ ግጭት ይፈልጋል፤ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ግጭት ከወዴት ያገኛል?

ከፓርኩ ክልል ውስጥ በ2008 ዓ.ም. ተነሥተው በደባርቅ የሰፈሩት የጊች ነዋሪዎች ጉዳይ ይህንኑ ያጎላዋል። ገብሱን ከማሳው ይበላ የነበረ ሰው ገብስ ገዢ ሆነ። ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሽማግሌው ጎተራና የልጁ ኪስ በአንድ ገበያ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ይህ ታሪክ ብቻውን አንድ ሙሉ ተውኔት ይወጣዋል።

በዚህ ሚዛን ሁለት ሥራዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ገጣሚና ምሁር ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ ያሳተመው፣ ርእሱ «ያልተሰሙ ድምፆች» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ጥናት ነው። መጽሐፉ ድርቅን፣ ረኀብንና እግዚአብሔርን የሚመለከቱ የገበሬውን የቃል ግጥሞች ሰብስቦ ይመረምራል። ትልቁ ዋጋው የተራበውን ሰው ከሚታዘንለት ፍጡርነት አውጥቶ አሳቢ፣ ጠያቂ፣ ከፈጣሪው ጋር ሳይቀር የሚሟገት ባለቅኔ አድርጎ ማሳየቱ ነው። በ1977 የዓለም ካሜራ ያነሣው የገበሬውን ገላ ነበር፤ ይህ ጥናት ቃሉን አዳመጠ። የኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ የሚማረው ቁም ነገር፣ ስለ ችግር ከመጻፍ በፊት ችግረኛው በራሱ ቋንቋ ምን እንዳለ መስማት እንደሚገባ ነው። ተከታዩ ጥያቄ ግን የእኛ ነው። የአባት ድምፅ እንዲህ ከተሰማ፣ የልጁን ማን ይሰማል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሞከረው ሁለተኛው ሥራ የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» ነው፤ ትርጓሜውም በግ ማለት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ በድርቅ ዘመን የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ከሚወዳት በጉ ጋር በተራራማ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቹ ይሰጣል። የቤቱ አባወራ ሰሎሞን በጓ ለመጪው በዓል እንድትታረድ ያስባል። ልጁም እርሷን ለማዳንና ወደ አገሩ ለመመለስ የመሳፈሪያ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል።

የፊልሙ ብስለት አንዱን ችግር ለእያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ በልኩ መስፋቱ ነው። ለቤቱ አሮጊት ለእማማ፣ በዓሉ በችግር ዘመንም ቢሆን መከበር አለበት፤ በዓል የማያከብር ቤት ቤትነቱ ያበቃለታልና። ለሰሎሞን፣ ችግር ማለት የሚያርስ ክንድ ማነስ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ከምድጃ ርቆ ሞፈር እንዲጨብጥ ይፈልጋል። ጋዜጣ በማንበቧ ሥራ ፈት ለምትባለው ለወጣቷ ጽዮን፣ ችግር ማለት ነገን የሚያሳይ መስኮት ማጣት ነው። ለኤፍሬም ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ በሙሉ በአንዲት በግ አንገት ላይ ታስሯል። ከእነዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም በየበኩሉ ትክክል ነው፤ ሁሉም ትክክል ስለ ሆነም ግጭቱ ያማል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ተረት። ኤፍሬም ግን ከእናቱ በወረሰው የወጥ ቤት ሙያ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል። አዋቂዎቹ የናቁት ሙያ ገንዘብ ያመጣል። ፊልሙ ስብከት ሳያሰማ፣ አሮጌው የሥራ ክፍፍል በችግር ዘመን እንዴት እንደሚናጋ በአንድ ልጅ እጅ አሳይቶናል።

ጉድለቱንም መናገር የሂስ ግዴታ ነው። አባትየው አብርሃም ወደ ከተማ ከሄደ በኋላ ከዓይናችን ይሰወራል። ከሁሉ ይልቅ ዝምተኛ ያልነው ትውልድ እዚህም ዝም እንዳለ ቀረ። በከተማ የቀን ሥራ ፍለጋ ምን እንደ ገጠመው፣ ልጁን ጥሎ በመሄዱ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋው አናውቅም። ከዚህም ሌላ የተራራው ውበት አንዳንድ ጊዜ ሰውን ይጋርዳል። ለእንግዳ ዓይን ግርማ የሆነው አቀበት ለባለቤቱ የሸክም መንገድ ነው፤ ይህን ደባርቅ ላይ በቅሎ የጫነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁለቱ ሥራዎች የምንቀስመው ትምህርት ቀላል ቢመስልም ለመፈጸም ከባድ ነው። ስለ ችግር ዘመን የሚጽፍ ሰው የአንዱን ትውልድ መከራ የሌላው መለኪያ ከማድረግ መጠንቀቅ ይኖርበታል። 1977ን ያየ ሰው የዛሬውን ወጣት «ጠግበህ ነው» ቢለው፣ ወጣቱም ሽማግሌውን «ያንተ አለፈልህ» ቢለው፣ በሁለቱም አፍ የሚናገረው ቁስል ነው። የደራሲው ሥራ ሁለቱን ቁስሎች በአንድ መድረክ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው የቆመውን ዝምተኛ ጎልማሳም ማናገር ነው። «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» እንዲሉ፣ ስላለፈው ረኀብ የምንጽፈው ሁሉ ለሚመጣው ክረምት ጣሪያ ካልሆነ ከሙሾ አያልፍም።

በተለይ የቀበሌና የትምህርት ቤት የኪነት ክበባትን የምትመሩ መምህራን በዚህ ረገድ ቅርብ ዕድል አላችሁ። ተማሪዎቻችሁ ከአያቶቻቸው የመከራውን ቃላት ይሰብስቡ፤ ከአባትና ከእናታቸው የዕዳውን ሒሳብ ይጠይቁ፤ በመጨረሻም የራሳቸውን ይጻፉ። አባቶቻችን የአገሩን ሁኔታ ለማወቅ ሲሹ ሊቃውንቱን ብቻ አይጠይቁም ነበር፤ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር። እረኛው ልጅ ነው፤ የሚያየውንም ሳይፈራ ያዜማል። በሊማሊሞ አፋፍ ላይ በግ የሚጠብቀው ልጅም፣ ጎብኚ የሚጠብቀው ወንድሙም ዛሬ የሚሉት አላቸውና ብዕራችን ጆሮ ይስጣቸው።