ያልታጠበው ዳርቻ

መቼም ቆሻሻ ያየ ሰው እጁ ወደ ሳሙና ነው። መንግሥታትም ከዚህ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ኮርንዎል አጠገብ ከአለት ተላትማ ከ100 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ፣ ወደ 10 ሺህ ቶን የሚጠጋ ማጽጃ ኬሚካል ተረጨ። አለቱ ጸዳ፤ ላየው ሰው ደስ ይላል። ታዲያ ምን ያደርጋል! አለቱን እየጋጡ የሚኖሩት ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት በማጽጃው አለቁ፤ ጋጭ ሲጠፋ አልጌው አለቱን ወረሰው። ብዙ የተረጨባቸው ቦታዎች ለማገገም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ጎድሬቪ የተባለው፣ ኬሚካል ያልነካው ዳርቻ ግን በሁለት ሦስት ዓመት አገገመ።

ይህ አለት ነው። ረግረግ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ጭቃው አየር የለውም፤ አንዴ የሰረገ ዘይት ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቀመጣል። ዳርቻውን ከመሸርሸር የያዘው ደግሞ የሣሩ ሥር ነው። ሥሩ ከሞተ መሬቱ ራሱ ይሄዳል።

ለዚህ ነው ሙከራዎቹን ስንመዝን ጥያቄያችን ጠንከር ማለት ያለበት። በሉዊዚያና ተመራማሪዎች ዘይት የተቀባ የረግረግ ሣር በማጽጃ ሲያጥቡ ቅጠሉ እንደገና መተንፈስ ችሏል። ጥሩ ውጤት ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ከቅጠሉ የወረደው ዘይት የት ገባ? የተለመደው የመርዛማነት ፍተሻም ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ከሁለት እስከ አራት ቀን ድረስ ይሞቱ እንደሆነ የሚያይ ነው። አራት ቀን! ረግረጉ የሚጠብቀው ዓመታትን ነው እኮ።

እኔ የወደድኩት ከ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አደጋ በኋላ በባራታሪያ የተደረገውን ነው። መታጠቡ፣ መታጨዱ፣ መጠረጉ በየቁራጭ መሬቱ ተሞከረ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ጥቂት ቦታ ማንም እንዳይነካው ተከለለ። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ በተጋገረበት ቦታ ዝም ማለቱም አላዋጣም፤ በጥንቃቄ ተጠርጎ ሣር የተተከለበት ተሽሎ ተገኘ። ይህን ማወቅ የተቻለው ግን ያልተነካው ስላለ ነው።

ችግሩ ያልተነካው ቦታ ፎቶ ላይ አያምርም። ኑሮው ከረግረጉ ለሆነ ዓሣ አስጋሪ «ያንተን ደጅ ሆን ብለን እንደቆሸሸ ትተነዋል» ብሎ የሚያስረዳ ባለሥልጣን ከየት ይመጣል?