የአገዳው መኪና ዳኞች

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ተረት። ለሊጥ እውነት ይሆናል፤ ለመጫወቻ ግን አይሠራም። በመርሳና በሲሪንቃ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ልጅ ያቦካው ጭቃ በሬ ሆኖ ይጠመዳል፤ ልጅ የሰበረው የማሽላ አገዳ መኪና ሆኖ ይነዳል። እኛ አዋቂዎቹ ግን ይህን ከሥራ አንቆጥረውም። ቃሉን ራሱን እንኳ ስድብ አድርገነዋል፤ በሌላው ፈቃድ የሚያድረውን ሰው «የእገሌ አሻንጉሊት» እንለዋለን። ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ዘፈን ሂስ እንጽፋለን። ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ በእጁ ስለሚይዘው የጥበብ ሥራ ግን ዝም ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጠይቅ፤ መጫወቻን ማን ይፈትነዋል? ማንስ ይሸልመዋል?

ጥያቄውን ከሲሪንቃ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው መርሳን አልፎ የሚያገኛት ይህች የሀብሩ ወረዳ ትንሽ ከተማ ስሟ የሚነሳው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እዚያ አንድ የማሽላ ዘር «ጥሩ ነው» እስኪባል ብዙ ደጅ ይጠናል። በማዕከሉ ማሳ ይዘራል፤ በሌሎች ቦታዎች ለዓመታት ይደጋገማል፤ በመጨረሻም ገበሬው ማሳ ላይ ይታያል። አቀንጭራን የሚቋቋመው «ብርሃን»፣ እንዲሁም «የጁ» እና «ጊራና 1» የተባሉት ዝርያዎች በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። ተመራማሪው ፍሬውን ሲመዝን ገበሬው አገዳውንም ያያል። አገዳ መኖም፣ ማገዶም፣ የቤት መሥሪያም ነውና፣ አጭሩ ማሽላ ፈጥኖ ቢደርስም እንደ ደጋሊት ያለውን ረጅሙን ያገር ዘር የሚመርጥ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ሁለት ዳኞች፣ ሁለት ዓይነት ፈተና ማለት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካውም።

በዚህ ሸንጎ ያልተጠራ ሦስተኛ ባለጉዳይ አለ፤ ልጁ። ለእሱ አገዳ ጥሬ ዕቃ ነው። ጠንካራው ልጥ ይላጥና መያያዣ ይሆናል፤ ነጩና ለስላሳው ውስጡ ተቆርጦ ያለ ሚስማር ይሰካካል። ጎማው ቆርኪ ነው። ይህን መኪና ዓለም መጫወቻን በሚፈትንበት ሚዛን ላይ እናስቀምጠው እስቲ።

ሚዛኑ ቀልድ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ደንብ የአፏ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ሲሊንደር አላቸው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕጻን የተሠራ መጫወቻ፣ ወይም ከእሱ የተነቀለ ቁራጭ፣ ሳይጨመቅ እዚያች ውስጥ ከገባ ጉሮሮ ሊያንቅ ይችላልና ይወድቃል። አውሮፓውያን ደግሞ መጫወቻውን ከ85 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አምስት ጊዜ ይጥሉታል፤ የአሻንጉሊቱን ዓይን እስከ 90 ኒውተን፣ ማለትም የዘጠኝ ኪሎ ክብደት ያህል በሆነ ኃይል ይስቡታል። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 ማቴል የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ቀለማቸው እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የያዘ ብዙ መጫወቻዎችን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። በዓመቱ አሜሪካ ሕጓን አጠበቀች፤ የልጆች ዕቃ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይፈተን ተባለ። በብዙ መጫወቻ ላይ የምናየው «ሲ ኢ» የሚለው የአውሮፓ ምልክት ግን ባብዛኛው አምራቹ ራሱ «ሕጉን አክብሬያለሁ» ብሎ የሚለጥፈው ነው። ተከሳሹም፣ ምስክሩም እሱ ነው።

በእኛ አገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. በቀለም ውስጥ የሚኖረውን የእርሳስ መጠን የሚገድብ ደንብ አውጥቷል። ደግ አደረገ። ነገር ግን ወልድያ ገበያ መሬት ላይ የተዘረጋውን የፕላስቲክ መኪና የምትገዛ እናት መለኪያዋ ዓይኗና ቦርሳዋ ብቻ ነው። «የደኅንነት ፈተና የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ካለ ደግሞ የሰሜኑን ጦርነት ላስታውሰው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው በዚያ ጦርነት ሰሜን ወሎ የጦር ሜዳ ሆና ነበር፤ የሲሪንቃው ማዕከልም ከጉዳትና ከዝርፊያ አልዳነም። ተኩሱ ከቆመ በኋላ በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ሜዳ ላይ የቀረውን ፈንጂ መጫወቻ መስሏቸው አንስተው የሞቱ፣ አካላቸው የጎደለ ልጆች አሉ። ሁሉን ነገር ወደ መኪና የሚለውጥ ልጅ የሚያብረቀርቅ ብረት ሲያገኝ ጎማ ይታየዋል። ይህን ፈተና የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ልጁ ራሱ ሊፈትን አይችልም። የአዋቂ ዕዳ ነው።

ሽልማቱስ? እዚህ ላይ ሂሴ ይጠነክራል። በአሜሪካ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ «የዓመቱ መጫወቻ» እየተባለ የሚሸለመው ዕቃ ሽልማቱን የሚያገኘው ከአምራቾቹ ማኅበር ነው። አምራቹ ለመወዳደር ገንዘብ የሚከፍልባቸው ሌሎች ሽልማቶችም ብዙ ናቸው። ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወርቃማ ክብ ልጁን አያነጋግርም፤ የሚያነጋግረው የወላጁን ኪስ ነው። ከዚህ የሚሻለው በጀርመን ኡልም ከተማ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሰጠው «ሽፒል ጉት» የተባለው ምልክት ይመስለኛል፤ እዚያ መጫወቻው ወደ ቤትና ወደ መዋዕለ ሕጻናት ተልኮ ልጆች ሲጫወቱበት ይታያል። የገበሬው ማሳ ማለት ይህ ነው።

በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ፣ ደግሞ የመጫወቻዎች የክብር አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀመር ባርቢን የመሰሉ የፋብሪካ ዕቃዎችን አከበረ። በ2005 ግን ባዶ ካርቶን ገባበት፤ በ2008 ዱላ፣ በ2009 ኳስ፣ በ2021 አሸዋ። አንዱ መመዘኛቸው ከትውልድ ትውልድ መቆየት ነው። በዚህ መመዘኛ የእኛ ገበጣ የት በደረሰ! ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የገበጣን ብዙ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። አንዱም ግን ሽልማት ደጅ አልደረሰም።

የተሸለመ የራሳችን ምሳሌ የለም ማለቴ አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕጻናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ባለታሪክ ቀጭኔዋ ፀሐይ ሥራዋን የጀመረችው ከካልሲ ተሰፍታ ነው። በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተጀመረው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ፕራይዝንና ፕሪ ዠኔስን ተሸለመ። ካልሲ የጨርቅ ኳስ ሲሆን ያላየነውን ክብር፣ ቀጭኔ ሆኖ ባሕር ሲሻገር አየነው። ሽልማቱ የተገባ ነው፤ ዳኛው ከሩቅ መምጣቱ ግን ሊያስተክዘን ይገባል።

እንግዲህ የአገዳውን መኪና እንደ አንድ ሥራ ልመዝነው። ጉድለት አለበት። ልጡ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ የቆርኪው ጠርዝም ጣት ያደማል። ለሁለት ዓመት ሕጻን አይሰጥም፤ ላቦራቶሪ ቢገባ ከመጀመሪያው በር ይመለሳል። ዕድሜውም ከመኸር እስከ መኸር አይዘልቅም፤ ከብት ይበላዋል። ባለ ባትሪው መኪና ግን ራሱ ይጮኻል፣ ራሱ ይሄዳል፣ ልጁ ቆሞ ያያል። የአገዳው መኪና ድምፅ የልጁ አፍ ነው፤ ሞተሩ የልጁ እግር ነው፤ ሲሰበር መካኒኩም ባለቤቱ ነው። አንዱ ተመልካች ያወጣል፤ ሌላው ሠሪ። እኔ ዳኛ ብሆን ለሁለተኛው እፈርድ ነበር። ነገር ግን ዳኛው እኔ አይደለሁም።

የምለው ይህ ነው፤ ሲሪንቃ ለዘር ያወቀችበትን ለመጫወቻ እንወቅበት። መርዙን፣ ስለቱንና የሚያንቀውን ቁራጭ አዋቂው ይፈትን፤ መሣሪያ ገዝቶ፣ ሕግ አስከብሮ፣ የፈንጂውን ሜዳ አጥርቶ። ያን ፈተና ያለፈውን ደግሞ በየመዋዕለ ሕጻናቱ ለልጆች ሰጥቶ አንድ ወር ዝም ብሎ ይመልከት። በወሩ መጨረሻ የትኛው ጥግ ላይ እንደተጣለ፣ የትኛው በሽቦ ተጠግኖ አሁንም እንደሚነዳ ይታያል። የተጠገነው እሱ ተሸልሟል።