ስለ አዲስ አበባ የከርሰ ምድር ውኃ በምንጽፋቸው ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

በልጅነታችን «ንጹሕ ውኃ ማለት ቀለም፥ ሽታና ጣዕም የሌለው ነው» ተብለን ተምረናል። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎልን፥ እኛም በቃላችን አጥንተን በፈተና መልሰነዋል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ይህን ሒስ ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ይኸው ጐደሎ ትርጓሜ ከልጅነት ደብተራችን አልፎ፥ ዛሬ በኮሌጅ ስለ ከተማችን ውኃ በምናቀርባቸው ጽሑፎች ውስጥ ሲመላለስ ማየታችን ነው። ሐሳባችን ባልንጀሮቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጸሓፊው ራሱ ከዚህ በታች ከሚዘረዘሩት ስሕተቶች ሁለቱን በመጀመሪያ ዓመት ጽሑፉ ፈጽሟል።

አስቀድመን ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ ውኃዋን የምታገኘው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ሲሆን፥ ሁለተኛው ከመሬት በታች፥ ይልቁንም በደቡብ በአቃቂ በኩል ከተቈፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ነው። ከዚህም ሌላ የየራሳቸው ጕድጓድ ያላቸው ፋብሪካዎችና ግቢዎች አሉ። በእንጦጦና በአካባቢው የሚወርደው ዝናም በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በመንገዱም የድንጋዩን ማዕድን ስለሚያሟሟ፥ ቀዝቃዛው የጕድጓድ ውኃ በአብዛኛው ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት ይገኝበታል። በፍል ውኃ የሚፈልቀው ግን ከጥልቅ የሚወጣ ሙቅ ውኃ ስለ ሆነ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀረው ካልሲየም ጥቂት በመሆኑም ፍሎራይዱ ከፍ ይላል።

ከዚህ የመጀመሪያው ስሕተት ይገለጻል፤ ይኸውም አማካይ ቍጥር ነው። ከልዩ ልዩ ሰፈር የተቀዳውን ውኃ ደምረን በናሙናው ብዛት እናካፍልና «የከተማው ውኃ ይህን ይመስላል» እንላለን። የሙቁንና የቀዝቃዛውን ምንጭ ቍጥር ደምሮ ማካፈል ግን ማንም የማይጠጣውን ውኃ መፍጠር ነው። ሰው የሚጠጣው ከአማካዩ ሳይሆን ከደጁ ካለው ጕድጓድ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የመለኪያ ነገር ነው። በሰንጠረዥ ላይ «ናይትሬት 12» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። ምን 12? የናይትሬቱ ሙሉ ክብደት በሊትር 12 ሚሊግራም ከሆነ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ50 ሚሊግራም ሩቡን እንኳ አይሞላም። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ተመዝኖ ከሆነ ግን፥ ቍጥሩ በ4.43 ሲባዛ 53 ይሆናልና ከወሰኑ አልፏል። አንዲት ቃል ባለመጻፏ ያው ጕድጓድ አንድ ጊዜ ደኅና፥ አንድ ጊዜ አደገኛ ይሆናል።

ሦስተኛው፥ ሚዛኑን አለመመርመር ነው። በውኃ ውስጥ የሟሟው ነገር የአዎንታዊና የአሉታዊ ሙሉ መጠን እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ 40 ሚሊግራም ካልሲየም ብቻውን ቢገኝ፥ የሚመጥነው 122 ሚሊግራም ባይካርቦኔት ነው። ሁለቱ ወገኖች ከጥቂት በመቶ በላይ ከተራራቁ፥ ወይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል፥ ወይ ያልተለካ ነገር አለ። «መሣሪያ የለንም» የሚል ምክንያት ለዚህ አይሠራም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነውና።

አራተኛው፥ ከሁሉም የሚከፋው፥ ውኃው የት፥ መቼና ከምን ያህል ጥልቀት እንደ ተቀዳ አለመጻፍ ነው። በከተማው መካከል ባሉ ምንጮችና ጥልቀት በሌላቸው ጕድጓዶች ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱ የታወቀ ነው፤ ምንጩም በብዛት የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። የተሰነጠቀ ድንጋይ ፍሳሹን አጣርቶ አያስቀርም። በክረምት የተቀዳና በበጋ የተቀዳም አንድ ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ የተማሪ ክርክር ብቻ የሚመስለው ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። ጸሓፊው ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ያለው ጕድጓድ ከሽንት ቤቱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ይርቃል። አከራያችን እማማ ለልጅ ልጃቸው የዱቄት ወተት የሚበጠብጡት በዚሁ ውኃ ነው። አንድ ቀን ብንጠይቃቸው «ልጄ፥ እኔ እኮ ሁልጊዜ በደንብ አፍልቼ ነው የምሰጠው» አሉን። ማፍላታቸው መልካም ነው፤ ተሐዋስያንን ይገድላል። ናይትሬት ግን በእንፋሎት አይሄድም። 45 ሚሊግራም ናይትሬት ያለበት አንድ ሊትር ውኃ ፈልቶ ሦስት አራተኛ ሊትር ሲቀር፥ መጠኑ በሊትር 60 ሚሊግራም ይሆናል። ሀንተር ኮምሊ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ አገር፥ በአዮዋ፥ የጕድጓድ ውኃ ናይትሬት የሕፃናትን ገላ እንደሚያሰማይ ጽፈዋል፤ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋልና ነው። ያ ውኃ ግን ቀለምም፥ ሽታም፥ ጣዕምም የለውም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ያገራችን ተረት ለጐርፍ ብቻ የተነገረ አይደለም።

የኮሌጃችንን ጽሑፎች አገላብጠን ለእማማ የሚሆን መልስ ፈለግን፤ አላገኘንም። አማካዩ ስለ እርሳቸው ግቢ አይናገርም፤ መለኪያው አይታወቅም፤ የጕድጓዱ ጥልቀት አልተጻፈም። ባልንጀሮቻችን በፀሐይና በጭቃ ጠርሙስ ተሸክመው ከሰፈር ሰፈር መዞራቸው ሊመሰገን ይገባል፤ ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ በሰንጠረዡ ጕድለት ዋጋ ሲያጣ ማየት ግን ያሳዝናል።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ በሚወጣው እያንዳንዱ ጽሑፍ ቦታው፥ ቀኑ፥ ጥልቀቱ፥ የቅርቡ ሽንት ቤት ርቀት፥ ሙሉው መለኪያና ሚዛኑ እንዲጻፍ እንለምናለን። ጸሓፊውም ይህን በራሱ ጀምሯል፤ በግቢው ካለው ጕድጓድ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ ለምርመራ ሰጥቷል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ለሕፃኑ ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ እንዲያፈሉለት እማማን ለምነናቸው፥ እሺ ብለውናል።