«አበቭ» የተባለው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ አመጣጥና አፈታት

አቀማመጥን ከሚያመለክቱት የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች አንዱ «አበቭ» ነው። ይህ ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከ«ኦን»ና ከ«ኦቨር» ጋር ተደርድሮ፣ ለሦስቱም «ላይ» የሚል አንድ ፍቺ ሲሰጥ ይታያል። ልማዱ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ተማሪው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን መጽሐፍ «አበቭ» ብሎ ሲጽፍ፣ ስሕተቱ ከተማሪው ይልቅ የፍቺው ነው።

የቃሉ አመጣጥ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። «አበቭ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኦን»፣ «ቤ» እና «ኡፋን» ከተባሉ ሦስት ቃላት ተጋጥሞ የተሠራ ነው። በ«ኡፋን» መጨረሻ ያለው «አን» መነሻን የሚያመለክት ምዕላድ ስለ ነበር፣ ቃሉ በመጀመሪያ ከላይ መምጣትን ይገልጽ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የመነሻነቱ ስሜት ደብዝዞ ስፍራን ብቻ ማመልከት ጀመረ። «ቢሃይንድ»ና «ቢኒዝ»ም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

ይህ አካሄድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «መብራቱ ከላይ ነው» ሲባል «ከ» መነሻን ሳይሆን ስፍራን ያመለክታል፤ «ከታች»ና «ከኋላ»ም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ የ«አበቭ» ትክክለኛ አቻ በተማሪው አፍ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ይኸውም ብቻውን ሲቆም «ከላይ»፣ ስም ሲከተለው ደግሞ «ከ… በላይ» ነው። የጎደለው ይህን የሚያመለክተው መምህር ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከሰዋስው ክፍለ ጊዜ ያልፋል። «ኦን» መንካትን፣ «ኦቨር» በአብዛኛው በአናት ትይዩ መሆንን ወይም መሸፈንን፣ «አበቭ» ግን ከፍታን ማነጻጸርን ያሳያል። ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው ሲባል፣ ተራራው ባሕር ላይ ቆሟል ማለት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊውንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ «አበቭ»ን «ላይ» ብቻ ብሎ ከያዘ፣ የከፍታና የሙቀት መጠን መግለጫዎችን በተሳሳተ ሥዕል ይረዳል።

በርግጥ ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል አጭር ፍቺን ፈጽሞ መተው አይቻልም፤ የቃል ታሪክንም ለጀማሪ ማስተማር አያስፈልግም። ታሪኩ ለመምህሩ ነው። ለተማሪው አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካርታ ይበቁታል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም የቃላት ዝርዝሩን ከአንድ ቃል ፍቺ አውጥተው በዓረፍተ ነገር ቢያስደግፉት፣ የመምህሩ ድካም ፍሬ ያፈራል።