ሥዕሉ የረሳው ኩላሊት

ስለ ሲክል ሴል በሽታ ስንማር የሚታየን ሥዕል አንድ ነው፦ ኦክስጅን ሲያንስ ክቡ ቀይ የደም ሕዋስ ማጭድ ይመስላል። በወልቂጤና በቡታጅራ በሽታው ብዙም አይታይም፤ ሥዕሉን ነው የምናምነው። ሥዕሉ አልዋሸም፣ ግን ኩላሊትን ረስቷል።

በኩላሊት ጥልቅ ክፍል ኦክስጅን ያንሳል፣ አሲድም ይበዛል። በዚያ ላይ የጨውና የዩሪያው ክምችት ከተራው ደም እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ስትነሰንሱ ውሃ ያወጣ የለ? ሕዋሱም እዚያ ሲያልፍ ውሃ ያጣል። ውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ይጠጋጋል፣ ቶሎ ተያይዞ ዘንግ ይሠራል፤ ሕዋሱ ደርቆ ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ፓምፕ ሲበላሽ ብረቱን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈውንም ፈሳሽ እንፈትሻለን። ሥዕሉ ግን ፈሳሹን ዘሎታል።

ይሄ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የተጎዳ ኩላሊት ውሃ መቆጠብ ያቅተዋል፤ ልጁ ሽንቱ ይበዛል፣ ሌሊት አልጋ ላይም ሊያመልጠው ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «ውሃ አትጠጣ» ብሎ መቆጣትም ሕዋሱን ይበልጥ ማድረቅ ነው። ሥዕሉ ላይ ኩላሊት ቢጨመር ይህን ስንቱ ወላጅ ባወቀ!